የሐሙስ ጠዋት ቆጠራ

ሬሳው ረግረጉ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ሰፈሩ «ጋሽ ቢራቢሮ» የሚላቸው ሽማግሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን መስክ ቢራቢሮዎች ሲቆጥሩ ኖረው፣ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው በመስኩ ሊያልፍ ለታቀደው መንገድ መሬት የሚለካው መሐንዲስ ነው።

መርማሪዋ ሽማግሌው ከሚያድሩበት የመስክ ጎጆ ገብታ የቆጠራ ደብተራቸውን ገለጠች። የመጨረሻው መስመር የሳቸውን በሚመስል ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሙሉ ፀሐይ፣ ሠላሳ አንድ ቢራቢሮ።» ሐኪሙ፣ ሬሳው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለቆየ የሞቱበትን ሰዓት መለየት አልቻለም። ሰዓት የሚናገረው ደብተሩ ብቻ ነው።

«እኔ ትናንት በመጨረሻው አውቶቡስ ከተማ ገባሁ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «የተመለስኩት አሁን ነው፤ ሆቴሉን ይጠይቁ። ይልቅ ሴት ልጁን ያናግሯት። በየጠዋቱ እዚህ ነበረች፤ ዛሬ ብቻ ምን አስቀራት?»

«መሬቱ የማን ነው?»

«የሁለታችን። እሱ አልፈርም ብሎ መንገዱን አስቁሞ ነበር። ትልቅ ሰው፣ ለትል ብሎ!»

ልጅቷ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ትል አይደለም፣ አባጨጓሬ ነው። የሚበላው ቦዩ ዳር የሚበቅለውን አንድ ቅጠል ብቻ ነው። ረግረጉ ከደረቀ እሱም የለም። አጎቴ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቶታል፤ አድምጦት ግን አያውቅም።»

«ዛሬ ለምን ቀረሽ?»

«ጉም ነበራ። ቢራቢሮ ክንፉን ፀሐይ ካላሞቀው አይበርም። ፀሐይ ከሌለ አባዬ አይቆጥርም፣ እኔም አልመጣም። ቤት መሆኔን ያየ ሰው የለም። ገድላዋለች ተብዬ ከታሰርኩ የአባዬ ድርሻ ለአጎቴ ነው፤ በነጋታው ይፈርማል። ይህን እያወቅሁም ሌላ መልስ አልፈጥርም።»

መርማሪዋ መሐንዲሱን ውጭ አገኘችው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ብቻዬን። ጉሙ የተገፈፈው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ የተከልኩትን ምሰሶ እንኳ ማየት አቅቶኝ ስሳደብ ነበር።»

ሦስቱንም ጎጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በአራት ሰዓት ፀሐይ አልነበረም» አለች። «በጉም የሚበር ቢራቢሮም የለም። ስለዚህ ይህን መስመር ጋሽ ቢራቢሮ አልጻፉትም። ልጃቸውም እንዲህ አትሳሳትም። የጻፈው ሰው ጠዋቱን አላየውም፤ ትናንት ገድሏቸው ሲያበቃ፣ ደብተሩ ላይ እንደሚታየው ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ስለነበር ነገም ይወጣል ብሎ የዛሬን ቆጠራ ቀድሞ ሞላ።»

«መሐንዲሱስ?» አለ ወንድምየው።

«እሱ ጠዋት እዚህ ብቻውን ነበር። ሞቱን ወደ ጠዋት ቢያዞር የሚያጠምደው ራሱን ነው። ሟቹ እስከ ዛሬ ጠዋት በሕይወት የቆዩ እንዲመስል የሚፈልግ፣ ጠዋት ሌላ ቦታ ለመሆኑ ምስክር ያዘጋጀ ሰው ነው። ከሦስታችሁ ከተማ ያደሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ወንድምየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ፈርም አልኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ሳቀብኝ።»

ፖሊሶች ገብተው ይዘውት ወጡ። መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ አጎትሽ ፊርማው አልቋል ስላላቸው አለቆቼ ነገ ማሽን ይልካሉ።»

«እኔ አልፈርምም።»

«አባትሽ እንዳልፈረሙ ነግሬያቸው ነበር፤ አይሰሙም። ማሽኑ ይመጣል።»

«ይምጣ። ቦዩ ላይ ቆሜ ያገኘኛል።»

መሐንዲሱ ምከሪያት በሚል ዓይን ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለችው።

«ሁለት ሰዓት።»

«እንግዲያው አንድ ተኩል ላይ አጠገቧ ነኝ።»