ያልተከፈተው ፎቶ

የአቶ ኣፅብሃን አስከሬን ያገኘችው ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ከሕንፃው ጀርባ የወረደችው ደሪቱ ናት። ለፍሳሽ ተቆፍሮ ሳይዘጋ በቀረ ጉድጓድ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሯል። ደም የነካው ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቀርቷል።

ቦሌ አራብሳ ያኔ ገና ሰው እየገባበት ነበር። የዚያ ሕንፃ አብዛኛው ቤት ባዶ ነው፤ መስኮትም የለው። ነፋስ እየገባ በሩን ያላትማል። በር በተላተመ ቁጥር ደረጃው ላይ የቆሙት ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ኢንስፔክተር ተካልኝ ሲደርስ ኮንስታብል ሐምዛ ካቴናውን አውጥቶ ይጠብቅ ነበር።

«ገዳዩ ታውቋል» አለ ሐምዛ። «ሟቹ ራሳቸው ጽፈውታል።»

ከሟቹ ኪስ የወጣውን ስልክ ሰጠው። ስልኩ የሚስጥር ቁጥር የለውም። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቴሌግራም ልጃቸው ሉዋም ለላከችው ፎቶ የተጻፈ መልስ አለ፤ «ጉትቻው ያምርብሻል ልጄ። ደቻሳ ከጀርባ ና ብሎኛል፣ ማታ እንነጋገራለን።»

ደቻሳ የደሪቱ ባል ነው። ሕንፃው ሳይሠራ እዚያው ቦታ ላይ ጤፍ ያርስ ነበር። አሁን ከአቶ ኣፅብሃ በታች ባለው ወለል ይኖራል። በቅርቡ በውኃ ተጣልተው ሲጯጯሁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ አገኘው።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«ማን አየዎት?»

«ሚስቴ ናታ። እሷን ማን ያምናታል?»

«ከአቶ ኣፅብሃ ጋር ተጣልታችሁ ነበር።»

«ውኃ ሲመጣ ሮቶውን እስካፉ ይሞላል፤ ለኛ ጠብታ አይተርፍም። ጮህኩበት። በማግሥቱ ታረቅን። ትናንት ጠዋት እንዲያውም አብረን ፀሐይ ስንሞቅ ነበር። አንድ ነገር ከብዶታል። ‹ስለ ልጄ እጮኛ የሰማሁት አለ። በስልክ አይሆንም፤ ማታ ፊት ለፊት ነው የምነግራት› አለኝ።»

«ምን ነበር?»

«አልጠየቅሁትም። የሰው ቤት ነገር ነው።» ካቴናውን አየ። «ጌታዬ፣ በተወለድኩበት መሬት ላይ ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ልወሰድ ነው?»

«ገና ነው» አለ ተካልኝ።

ላይ ቤት ሉዋም ከእጮኛዋ ከተስፉ ጎን ተቀምጣ ክንዱን አጥብቃ ይዛለች። ቤቷ ለመድረስ በደቻሳ በር ፊት ማለፍ ነበረባት። ተስፉ ደግፎ ነው ያሳለፋት።

«ያ ሰው ካልተወሰደ እሷ እንቅልፍ የላትም» አለ ተስፉ። «ምን ይጠብቃሉ?»

«አንተ ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ኦሎምፒያ። ከሉዋም ጋር ምሳ በልተን ቢሮዬ ገባሁ።»

«አንቺስ?»

«አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሥራ ላይ። ከምሳ ተመልሼ እስኪመሽ አልወጣሁም። ስመጣ አባቴ የለም። አቶ ደቻሳን ብጠይቃቸው አላየሁትም አሉኝ። ከጀርባ ሄጄ ብጣራም ጨለማ ነው፤ የሚመልስ የለም።» ሐምዛ የሥራ አለቃዋን ጠይቆ ነበርና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አባትሽ ሁልጊዜ እንዲህ ሳይመሽ ይመልሱልሽ ነበር?»

«የት! ዳታ የሚከፍተው ጠዋትና ማታ ነው። መልእክቱን አይቶ ይዘጋዋል። ቪዲዮ ስልክለት ‹ጥቅሌን ልትጨርሺብኝ ነው› ብሎ ይቆጣኛል።» ልትስቅ ሞከረች። «ፎቶ እንኳን በራሱ እንዳይወርድ አስዘግቶኛል። ካልነካው አይከፈትም።»

«ከትናንቱ ፎቶ ጋር ምን ጻፍሽላቸው?»

«ምንም። ዝም ብዬ ላክሁት።»

ተካልኝ ስልኩን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ሐምዛን ወደ ጓዳ ጠርቶ የሆነ ነገር አዘዘው። ሐምዛ ወጥቶ ስልክ ደውሎ ሲመለስ ደቻሳንና ሚስቱንም ይዟቸው መጣ። ሉዋም ደቻሳ ሲገባ ስታይ ወደ ተስፉ ተጠጋች። ሐምዛ በሩን ዘግቶ ተደገፈው።

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ለደቻሳ ሰጠው። «እዚህ ፎቶ ላይ ምን ይታይዎታል?»

«ጭጋግ። መሃሉ ላይ ቀስት አለ።»

«አንቺስ፣ ደሪቱ?»

«እኔ እንጃ። ሰው ይመስላል።»

«ጆሮው ላይ ምን አለ?»

«ኧረ ጆሮውስ የት አለና!»

ስልኩ ለተስፉ ተዘረጋ። ተስፉ አልተቀበለም። «ፎቶዋ ነው» አለ።

«ፎቶዋ ነው፤ ግን አልወረደም። ሳይነኩት አይወርድም፤ አልተነካም። እኔም ጥቅሌ እንዳያልቅ ስልኬን እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ስለዚህ ሳየው አወቅሁት። አቶ ኣፅብሃ ጉትቻውን አላዩም። ያላዩትን ‹ያምርብሻል› አይሉም። መልሱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እሱም ፎቶውን ለመክፈት አልደከመም። ምን እንዳለበት ያውቃላ።»

ባዶው ቤት ውስጥ በር ተላተመ። ደሪቱ ደነገጠች።

«አቶ ደቻሳ ገድለው ቢጽፉት የራሳቸውን ስም አይጠሩም። ደግሞም የሚያዩት ጭጋጉን ብቻ ነው፤ ጉትቻ መኖሩን አያውቁም። ሉዋም፣ ጉትቻው የቆየ ነው?»

«አይደለም» አለች። «ትናንት ምሳ ላይ ነው የሰጠኝ።»

«ማን?»

«ተስፉ። ፎቶውንም እሱ ነው ያነሳኝ።»

እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች።

«ደውላ ነግራው ቢሆንስ?» አለ ተስፉ።

«አልደወልኩም» አለች።

«ሐምዛ ቢሮህ ደውሎ ነበር» አለ ተካልኝ። «ከምሳ አልተመለስክም። ለእሷ ማታ የሚነገር ነገር ነበር። አንተ ቀድመህ መጣህ። ከጀርባ እንነጋገር ብለህ ይዘሃቸው ወረድክ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተህ ዳታውን ከፈትክ። የሉዋም ፎቶ ገባልህ። ከጎረቤት ጋር መጣላታቸውን ታውቃለህ፤ ጻፍክና ስልኩን መለስክ።»

ተስፉ በሩን አየ። ሐምዛ አልተነቃነቀም።

«ሚስት አለችኝ» አለ ተስፉ ዝግ ብሎ። «መቀሌ። ለሱ ያሳወቀው ሰው ለኔም ደውሎ ነገረኝ፤ ሊነግራት ነበር። ለመንኩት። እምቢ ብሎ ፊቱን ሲያዞርብኝ...» አልጨረሰም።

ሐምዛ ካቴናውን አሰረለት። ደቻሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተስፉን ይዘው ደረጃውን የሚወርዱት ፖሊሶች ኮቴ እየራቀ ሄደ።

ደሪቱ ነጠላዋን አውልቃ ሉዋም ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ደቻሳን አየችው።

«እርስዎ እንዳይመጡብኝ ፈርቼ» አለች፤ «ተስፉን ዛሬ ማታ እዚሁ እደር ብዬው ነበር።»