ሳይነሳ የቀረው ፎቶ

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እህትየው የወንድሟን አስከሬን ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት አስፋልት ላይ ተንጋሎ አገኘችው። መሰላሉ ደረቱ ላይ ወድቋል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ውሃ በውሃ ሆኗል።

ሰፈሩ ሟቹን «አትነቃነቁ» ይለው ነበር። ፎቶ አንሺ ነው፤ ግን የመታወቂያም የሠርግም አያነሳም። የሰፈሩን ኑሮ እንደ ቲያትር እያሰናዳ፣ ጎረቤቱን በገዛ በሩ ላይ አቁሞ ያነሳል። የሱቆቹ መብራት እንዲያንጸባርቅም መንገዱን በውሃ ያረጥባል።

ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው የእህትየውን ባል ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሟቹን መብራቶች የሚዘረጋው እሱ ነው። ቀትር ላይ በሰው ፊት «ሚስቴን ዳግመኛ ለፎቶ መስኮት ላይ ብታቆማት አንገትህን ነው የምቆርጠው!» ብሎታል።

መርማሪዋ ስትደርስ እህትየው እጅጌዋን ያዘቻት። «ወንድሜን ቀብሬ ባሌን እስር ቤት ልመላለስ? አፉ ነው እንጂ ዝንብ አይገድልም።»

«እኔ ከያዝኳቸው ገዳዮች ዝንብ የሚገድል አላየሁም፣ እህቴ። እስቲ ልይ።»

አስከሬኑ ሲነሳ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ መሬቱን በመዳፏ ዳበሰች። ኮቱንም ገልብጣ አየች። ከዚያ ውሃው ውስጥ የተጋደመውን የመብራት ሽቦ ትክ ብላ አየችው።

ፀጉር አስተካካዩ ሳይጠሩት መጣ። «እኔ ከሱቄ ንቅንቅ አላልኩም፤ ምላጭ ሳጸዳ ነበር። ራሱ መንገዱን አርጥቦ ሲያበቃ ነው መሰላል ላይ የወጣው። አዳለጠው። ስንቴ ተው ብዬዋለሁ!»

«ውሃውን ከየት ይቀዳል?»

«ከኔው ቧንቧ፣ በጎማ እየሳበ። ውስጥ፣ ከመታጠቢያው ሥር።»

ለፎቶው የተጠራችው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጫፉ በመርፌ የተያያዘ ቢጫ ቀሚስ እንደለበሰች ቆማለች።

«አንቺ ማንን ልትሆኚ ነበር?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሻንጣ ይዘሽ ታክሲ ውስጥ ትገቢያለሽ አለኝ። በቢጫ ቀሚስ እንዲህ የሄደች አንዲት ናት፤ አምና፣ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ደጅህ ላይ ቁም ብቻ ነው የተባለው። ዛሬ ቀሚሱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ጫፉን እናቴ እንድትሰካልኝ ቤት ገባሁ። እዚያው እያለን የእህትየውን ጩኸት ሰማን።»

መርማሪዋ ሁሉንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ በመስታወቶቹ መሀል ሰበሰበቻቸው። ባልየው በሁለት ፖሊስ መሀል ቆመ።

«ሟቹ ሲወድቅ መንገዱ ደረቅ ነበር» አለች። «ከጀርባው ሥር ያለው አስፋልት ጠብታ አልነካውም። ኮቱም ከፊት ርሷል፤ ከኋላ ደረቅ ነው። ውሃው የፈሰሰው በሱ ላይ ነው።»

እህትየው ወንበር ይዛ ተቀመጠች።

«አንተ» አለች መርማሪዋ ወደ ባልየው ዞራ፣ «መንገዱ ከመርጠቡ በፊት ሽቦውን ምን ታደርገዋለህ?»

«ሳጥን ላይ አነሳዋለሁ! ካላነሳሁት ሰፈሩ በሙሉ ይጠበሳላ!»

«ዛሬ መሬት ላይ ነው። ውሃውን የለቀቀው ሰው ሽቦው መነሳት እንዳለበት አያውቅም፤ ሥራውን ከዳር ሆኖ ነው የሚያየው።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «እርስዎ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም ብለዋል። ቧንቧው እዚሁ ነው። ሌላ ሰው ከፍቶት ቢሆን ያዩት ነበር። እርስዎ ግን የከፈተው ሟቹ ነው አሉ። ሟቹ ያኔ ከውሃው ሥር ተጋድሞ ነበር።»

ሰውየው መታጠቢያውን ተደገፈ። «መሰላሉን ሊያቆም ሲል ገፋሁት። ጭንቅላቱን የመንገዱ ጠርዝ መታው። አዳልጦት ነው እንዲባል ነው ውሃውን የለቀቅኩት።»

«ለምን?» አለች እህትየው። «ወንድሜ ይወድህ ነበር እኮ።»

«‹ያንኑ ፊትህን ያዝልኝ፣ እንዳትነቃነቅ› አለኝ። ሚስቴ ስትሄድ እዚያው በር ላይ ቆሜ ነበር፣ እናት ዓለም። እንደገና ቁምልኝ አለኝ።»

እህትየው ተነስታ ባሏ አጠገብ ቆመች፤ ፖሊሱም ካቴናውን ፈታለት።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ሣጥኑን ከፊት የተሸከመው የእህትየው ባል ነበር።