የዶክተር ክሮውዘር ሰባተኛ ምክር

በጥቅምት ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሱፍ ነጋዴው ሚስተር ኦባዳያ ፔንሮዝ ሦስተኛ ብርጭቆ ፍል ውሃቸውን ጠጡ። ይህን በባዝ ከተማ የውሃ አዳራሽ ያወጁት ዶክተር ሌሚዩኤል ክሮውዘር ናቸው። ሕዝቡም ጳጳስ የተሾመ ያህል ባርኔጣውን አውልቆ ሰማ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሚስተር ፔንሮዝ ሞቱ። ይህንን ያወጀ አልነበረም።

በእንግሊዝ አገር ለጤናው ያልተጓዘ ጤነኛ የለም የሚባልበት ዘመን ነበር። ዶክተሩ ለጤና ስለ መጓዝ መጽሐፍ ጽፈው ነበር፤ ሚስተር ፔንሮዝ ደግሞ የመጽሐፉ ሕያው ምስክር ነበሩ። ሰባት ወር ሙሉ ከሊዝበን ኒስ፣ ከኒስ ባዝ ሲዞሩ ከርመዋል።

ያን ቀን ከፍል ውሃው ወጥተው፣ በቀይ የሱፍ ጨርቅ ከአናት እስከ እግር ተጠቅልለው፣ ሁለት ሰዎች በመሎጊያ በሚሸከሙት ሣጥን ወንበር ወደ ማረፊያቸው መጡ። የእህታቸው ልጅ ኬዝያ አጠገባቸው ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራ ጀመር። የመጽሐፉ ሰባተኛ ምክር፦ «ከፍል ውሃ የወጣ በሽተኛ አንድ ሰዓት አይናገር፤ አይንቀሳቀስ፤ አይነካ» ይላልና። ሰዓቱ ሲሞላ «አጎቴ፣ አሁን ማውራት ይችላሉ» አለች። አላወሩም።

የሰፈሩ ሕግ አስከባሪ ኢዝራ ፕላምሊ ተጠርቶ ሲደርስ፣ የኬዝያ እጅ በገመድ ታስሮ ነበር። ኢዝራ ለዚህ ሹመት ከመብቃቱ በፊት ሃያ ዓመት ሣጥን ወንበር ተሸክሟል። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው። ፊደልም የቆጠረው በሱቆች በር ላይ ከተጻፈው ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ልጅቷ ጎህ ሲቀድ የአህያ ወተት አጠጣቻቸው፤ ወተቱ ውስጥ የሚያደነዝዘው ኦፒየም ነበረበት። ጠርሙሱ ይኸው፣ ከሻንጣዋ የተገኘ። ወራሻቸውም እሷ ናት።»

«ለጥርሴ ነው!» አለች ኬዝያ። «እርስዎ ራስዎ አይደል የሰጡኝ?»

«ለጥርስሽ ነበር የሰጠሁሽ፤ አዎ።»

«ሚስተር ፔንሮዝ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እንዴት ነበሩ ዶክተር?» አለ ኢዝራ።

«ደህና ነበሩ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። የጠቀለልኳቸውም፣ ያስቀመጥኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ፍል ውሃው መልበሻ ክፍል ማንንም አላስገባም። ስድስተኛው ምክር ነው።»

«ይህ መጽሐፍ ስንት ምክር አለው?»

«አርባ።»

«ኧረ ሰውዬው ስምንተኛው ላይ ሳይደርሱ ቀሩ!» አለና ኢዝራ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ። የሽማግሌውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ አደረገ። ከፊት ጥርሶቻቸው መካከል የቀይ ሱፍ ክር ተሰክቷል። ነቅሎ በመሐረቡ ቋጠረው።

«ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ዳኛ ይመጣሉ» አሉ ዶክተሩ። «እሳቸው እስኪመጡ ጠብቃት።»

ኬዝያ ኢዝራን አየችው። «ይሰቅሉኛል?»

«ዳኛው ዶክተሩን ካመኑ አዎ» አለ። የማያውቀውን ተስፋ መስጠት አይወድም።

ወጥ ቤት ወረደ። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ቸብ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ከጠዋቱ ወተት የተረፈ አለ?»

«ድመቷ ጠጥታዋለች። ምነው?»

ድመቷ ከመደርደሪያው ሥር ወጣች፤ አፏ ውስጥ አይጥ ነበረች፤ አይጧም ገና እየታገለች ነው።

«ምንም። ጤና ይስጣት።»

ፎቅ ላይ ደግሞ ሚስስ አራሚንታ ፎስዳይክ፣ የመጽሐፉ ሁለተኛ ምስክር፣ ባለመንኮራኩር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት እግራቸው መሬት አልረገጠም፤ ዶክተሩ ናቸው ከአገር አገር የሚያዞሯቸው።

«እኔን እንዳትጠረጥረኝ» አሉት ገና በሩ ላይ ሳለ። «ብገድልም የምሸሽበት እግር የለኝም።»

ኢዝራ ከቀሚሳቸው ጫፍ ብቅ ያለውን ጫማ አየ። ሶሉ ከተረከዙ በኩል ተበልቷል።

«ጥሩ ጫማ ነው» አለ። «ትናንት እራት ላይ ምን ተባለ እመቤቴ?»

ሴትዮዋ በሩን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፔንሮዝ ተናገሩ። ‹ሲሻለኝ ዶክተሩ መንገዱ ነው ያዳነህ ይለኛል፤ ሲብስብኝ ገና ሩቅ አልሄድክም ይለኛል። እሑድ በውሃው አዳራሽ ቆሜ ይህንኑ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፤ ከዚያ ቤቴ እገባለሁ› አሉ።»

«ዶክተሩ ሰሙ?»

«ሾርባቸው እስኪቀዘቅዝ።»

መጠየቅ የቀረው ስለ ሸክሙ ነበር። ሣጥን ወንበሩን ከኋላ ሆኖ የተሸከመው ሳይለስ ደጅ ግድግዳ ተደግፎ ዳቦና አይብ ይበላል።

«እንዴት ነበሩ ሽማግሌው?»

«ጨዋ። እንደ ዱቄት ጆንያ ጨዋ።»

«ከመልበሻው ወደ ጎዳና ስትወጡ ደረጃው ላይስ?»

ሳይለስ ማኘኩን አቆመ። «አሁን ስትለኝ... ክብደቱ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ትከሻዬን ሊገነጥለው!»

«ወደ ፊት አልተደገፉም?»

«አልተደገፉም። ሰባተኛውን ምክር የሚያከብሩ መስሎኝ።»

ኢዝራ ጎባጣ ትከሻውን አሸ።

ዳኛው ሲመጡ ሁሉም በማረፊያው ደጃፍ ተሰበሰቡ፤ ወንበሩ ደረጃው ግርጌ ተቀምጧል። ሚስስ ፎስዳይክ ፎቅ ላይ፣ ወንበራቸው መስኮቱ ሥር ተገፍቶላቸዋል። ኬዝያ ደጃፉ ላይ፣ እጇ እንደታሰረ።

«ወተቱ ንጹሕ ነው» ብሎ ጀመረ ኢዝራ። «ድመቷ ጠጥታ አይጥ ታሳድዳለች። ደግሞም ሽማግሌው ወተቱን ጠጥተው በእግራቸው ሄደው ታጥበዋል። የሞቱት በኦፒየም አይደለም፤ በዚህ ነው።» መሐረቡን ፈታ። «ሰው ብርድ ልብሱን ለብሶ ይተኛል እንጂ አይነክሰውም። ይህን የነከሱት አፋቸው በጨርቁ ሲታፈን ነው። እጃቸው ተጠቅልሎ ነበር፤ ምን ያድርጉ?»

«መንገድ ላይ ማን ያፍናቸዋል?» አሉ ዳኛው።

«ማንም አላፈናቸውም። ሲሳፈሩ ሬሳ ነበሩ። የሣጥን ወንበር ፊቱ ከፍ ሲል ውስጡ ያለ ሕያው ሰው ሳያስበው ወደ ፊት ይደገፋል። ፈረስ ጋላቢውን እንደሚያውቅ እኛም በትከሻችን እናውቀዋለን። ሚስተር ፔንሮዝ በመጀመሪያው ደረጃ አልተደገፉም። መልበሻው ውስጥ አብሯቸው የነበረው አንድ ሰው ነው። እሑድ እንዳይናገሩ የሚፈልገውም እሱ ነው። ዝም ማለታቸውን ማንም እንዳይጠይቅ ሰባተኛው ምክር ሸፈነለት።»

ዶክተሩ ሳቁ። ሰው ሠራሽ ጠጉራቸው ተናወጠ። «ትከሻ ይመስክር? በሽተኛዬ ታዛዥ ነበሩ። አትንቀሳቀሱ አልኩ፤ አልተንቀሳቀሱም። ጽኑ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል።»

«እርስዎም ይችላሉ?»

«በሚገባ።»

«እንግዲያው ይግቡ ዶክተር።»

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የዳኛውን ፊት አይተው ገቡ። ጀርባቸውን ከወንበሩ አጣበቁ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳይለስና ጓደኛው አነሡ።

አንደኛው ደረጃ። ዶክተሩ ምሰሶ መሰሉ። ሁለተኛው። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሦስተኛው የወንበሩ ፊት ብድግ ሲል የዶክተሩ አንገት ወደ ፊት ወጣ፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸውን ለቆ የሣጥኑን መስኮት ጠርዝ ጨበጠ።

«ተደገፉ» አለ ሳይለስ።

ወንበሩን አወረዱት። ዶክተሩ አልወጡም። እጃቸውም ከጠርዙ አልተላቀቀም፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩታል። ዳኛው ወደ ኬዝያ ጠቆሙ፤ ኢዝራም ገመዱን ይፈታላት ጀመር።

ያኔ ከላይ የመስታወት ድምፅ ተሰማና ሁሉም ቀና አሉ። መስኮቱ ተከፍቷል። ሁለት ዓመት እግራቸው መሬት ያልረገጠው ሚስስ ፎስዳይክ፣ ገመዱ ሲፈታ በደንብ ለማየት፣ በጫማቸው ጫፍ ቆመው ነበር።