ከግራ ሦስተኛው

የአምስተኛ ክፍሉ የኅብረተሰብ መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጠመኔው ከጣቶቹ መሀል አልወደቀም፤ ማጅራቱ ላይ ያረፈው ምት ለመዞር እንኳ ፋታ አልሰጠውም። ሰሌዳው ላይ ለዛሬ ያዘጋጀው ትምህርት በዚያ ሁሉም በሚያደንቅለት የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦ «መግለጫውን ብቻ አትመኑ። የሥዕሉን ዳር ዳርም አንብቡ።»

መርማሪዋ ሬሳውን አየችና ጽሑፉን ደጋግማ አነበበችው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፤ አልከፋትም። ለምን የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ስላስለፈለፈላት ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች።

«ትናንት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ቀረ?» አለችው ሬሳውን ያገኘውን ዘበኛ።

«ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና። ዳይሬክተሩ፣ የስድስተኛ ክፍሉ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ። እኔም አለሁ፣ ከቆጠሩኝ።»

«ለምን አልቆጥርዎትም?»

«እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ደመወዝ ከፋዩ እንኳ ይረሳኛል ብዬ ነው እንጂ እመቤቴ።»

ዳይሬክተሩ ግን ነገሩን ለመዝጋት ተጣድፎ ነበር። በዚህ ዓመት ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው፤ ከሟቹ ይልቅ የትምህርት ቤቱ ስም አስጨንቆታል። «የካርታ መጠቆሚያው ዘንግ ከስድስተኛ ክፍሉ መምህር ቁም ሣጥን ተገኝቷል። ጫፉ ላይ ደም አለ» አለ ላቡን እየጠረገ። «አዲሱን የመማሪያ መጽሐፍ ማን ያዘጋጃል በሚል ከሟቹ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሰውዬው ተይዟል። ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።»

«ሰው ገድሎ ዘንጉን በገዛ ቁም ሣጥኑ ለምን ያስቀምጣል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ግድግዳው ላይ ሰባት ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ ሥር በወረቀት የተጻፈ መግለጫ በሁለት ስፒል ተይዟል። መርማሪዋ ስታነብ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ከባቡሩ ሥር «ማር የሚቆርጡ ገበሬዎች» ይላል። ከከንቲባው ሥር «በመጥፋት ላይ ያለ የዱር እንስሳ» ይላል። ከግድቡ ሥር «በውሃ የሚዝናኑ ልጆች» ይላል፤ ግድቡ አካባቢ ግን አንድም ልጅ የለም። አንዱ ብቻ ከነገሩ ጋር የሚሄድ መሰላት። በደፈረሰ ውሃ ዳር የተሰለፉ ተማሪዎች ፎቶ ነው፤ ከሥሩም «ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት፤ ተማሪዎች በመስክ ጉብኝት» ይላል። ድልድይ የሚባል ነገር ግን ፎቶው ላይ አይታይም። ወረቀቱን ቀረብ ብላ አየችው። አራት ቀዳዳ አለው፣ ሁለቱ ባዶ። የግድቡም እንደዚያው። የቀሩት ሁሉ ሁለት ሁለት ብቻ ናቸው።

የስድስተኛ ክፍሉ መምህር በመምህራን ማረፊያ ከፖሊስ ጋር ተቀምጦ ንዴቱን እያመነዠከ ነበር።

«አልገደልኩትም። መግደሉን ግን ስንቴ ተመኝቻለሁ! ያ የግድግዳ ጨዋታ እንኳ የእኔ ነበር፤ ነጥቆኝ ዳይሬክተሩን ጠርቶ አሳየበት፣ ተጨበጨበለት።»

«ጨዋታው ምንድን ነው?»

«ልጆች ፎቶውን ሳያዩ መግለጫውን ብቻ ይሸመድዳሉ። ስለዚህ መግለጫዎቹን ማታ ታዘበራርቃለህ፣ ጠዋት እነሱ እያመዛዘኑ ወደየቦታው ይመልሳሉ። አንድም መግለጫ በቦታው መገኘት የለበትም።»

«አንድም? ለምን?»

«አንዱን ልክ ካገኙ ሌላውን በግምት ይሞሉታላ። በዚህ ላይ ሟቹ ድርድር አያውቅም።»

«የተሰለፉት ልጆች ፎቶ ከመቼ ወዲህ ነው የተሰቀለው?»

«የምን ሰልፍ? ትናንት ልጆቹ ሲወጡ ግድግዳው ባዶ ነበር፤ በበሩ ሳልፍ አይቻለሁ።»

የእጅ ስልኳን አውጥታ ያነሳችውን አሳየችው። ሰውዬው ንዴቱ ጥሎት ሄደ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«የወንዙ መሻገሪያ ነው፣ በኋላ ድልድይ የተሠራበት» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ፎቶ ሟቹ ራሱ ነው ያነሳው። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። አንድ ተማሪ… ውሃ ወሰደብን ያን ቀን። ልጁ ከሰልፍ አፈንግጦ ነው የገባው ተባለ።»

«ተባለ?»

መምህሩ ጫማውን ጫማውን ማየት ጀመረ። 

የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ የተቀደደ መጽሐፍ ስትለብድ አገኘቻት። ጸጉሯ የሸበተ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ናት። ቀና ሳትል «ተቀመጪ ልጄ» አለቻት። «ለሱ አላለቅስም። ደስ ብሎኛል ብልሽ ታስሪኛለሽ?»

«ደስታ አያሳስርም። ለምን ደስ አለዎት?»

«ልጄን ወስዶ ውሃ ውስጥ ከተተና ልጄን ባለጌ አደረገብኝ። ‹ከሰልፍ አፈንግጦ ገባ› ብሎ ማለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ልጄ በሞተበት ቀን ኮሪደር ላይ ጠብቄ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ መሻገሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረ ወይ? ‹አልነበረም እትዬ› ይለኛል። ፈገግ ብሎ! እዚህ ሥራ የገባሁት ለምን ይመስልሻል? መጽሐፍ ወድጄ ነው?»

«ትናንት ክፍሉ ገብተው ነበር?»

«ልጄ የተማረበት ክፍል ነው። እግሬ ረግጦት አያውቅም። ግድግዳው ምን እንደሚመስልም አላውቅ።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ደጅ ላይ ቆም ብላ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። የምታውቀውን ነገር ባታውቀው በወደደች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም አምስተኛ ክፍል ውስጥ በልጆቹ ዴስክ አስቀመጠቻቸው። የዳይሬክተሩ ጉልበት ከዴስኩ አልገባ ብሎ ወደ ጎን ወጥቷል። እትዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አጠገቡ ካለው መስኮት በኩል ተቀምጣለች። የውሃውን ፎቶ መርማሪዋ ቀድማ ከግድግዳው አንስታ ደረቷ ላይ ገልብጣ ይዛዋለች።

«ጨዋታው አንድም መግለጫ በቦታው እንዳይገኝ ያዛል» ብላ ጀመረች። «እኔ ግን አንዱን በቦታው አገኘሁት። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተሰክቷል፤ ከእሱ ጋር ቦታ የተለዋወጠውም እንደዚያው። ስለዚህ ሟቹ አዘበራርቆ ከጨረሰ በኋላ አንድ ሰው አንዷን ብቻ አስተካክሏል። ስድስቱን ትቶ አንዷን! ለምን?»

አራቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ዳይሬክተሩና ዘበኛው ድልድዩ ከተሠራ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ያ ውሃ የት እንደሆነ ፎቶው አይናገርም። እርስዎ መምህር ቦታውን ያውቃሉ። ግን ጨዋታውን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት፤ መግለጫው የተሳሳተው ሆን ተብሎ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለምን ያርመዋል? ዘንጉንስ ከራሱ ቁም ሣጥን ለምን ይከታል? ያንን ያደረገው እርስዎንም የሚጠላ ሰው ነው።»

መምህሩ ቀና አለ፤ ግን እፎይ አላለም።

«ያ ሰው ጨዋታውን አያውቅም። መግለጫውን ያየው እንደ ስድብ ነው። ፎቶው ደግሞ የተሰቀለው ትናንት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው ትናንት እዚህ ቆሟል ማለት ነው።» ፎቶውን ወደ ራሷ ብቻ አዙራ አየችው። «እስቲ ከሥሩ የነበረውን ላንብብላችሁ። ‹በውሃ የሚዝናኑ ልጆች።› እውነትም ሲዝናኑ ነው፤ አንዱ እንዲያውም ከሰልፉ ወጥቶ ውሃ ይራጫል…»

«ውሸት!»

እትዬ ዴስኩን ገፍታ ተነስታ ነበር። «አልወጣም! ተሰልፎ ነው የቆመው! ከግራ ሦስተኛው፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ…»

 መርማሪዋ ፎቶውን ገለበጠችው። ከግራ ሦስተኛው ልጅ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ተሰልፎ ቆሟል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አለች። ከልቧ ነበር።

«ምን ይቅርታ አለው።» አሮጊቷ ድምጿ እንኳ አልተሰበረም። «አትላስ አምጪልኝ ብሎ ላከብኝ። አልገባም ብዬ በር ላይ ቆምኩ፣ ልጄን ከግድግዳው ላይ አየሁት። ከሥሩ ‹የሚዝናኑ› ይላል። ቀረብኩ። ዳር ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አለ። ‹ውሃ ሲሞላ መሻገር ክልክል ነው› ይላል። በገዛ ፎቶው! ረስቶታል፣ ልጄን የትምህርት መርጃ አደረገው። ‹ይኸው ነበረ!› አልኩት። ‹እትዬ፣ የድሮ ነገር ነው› አለኝና ጽሑፉን ሊጨርስ ጀርባውን ሰጠኝ። ዘንጉ እጄ ሥር ነበር። ሲወድቅ ያን ስድብ ከልጄ ሥር ነቅዬ ከግድቡ ሥር ካገኘሁት ጋር ቀየርኩት። አልጸጸትም፤ ጸጸት ከፈለግሽ ሌላ ደጅ አንኳኪ።»

«ዘንጉንስ ከመምህሩ ቁም ሣጥን ያኖሩት ለምን ነው?»

እትዬ ጣቷን ወደ ስድስተኛ ክፍሉ መምህር ቀሰረች። «ልጄ በሞተ ቀን እሱም መሻገሪያው ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ ሰጥቶኛል፣ መጽሐፍ ተውሶኛል፣ አንድ ቀን አፉን አልከፈተም። ዝም ማለት ምን እንደሆነ ወህኒ ገብቶ ይቅመሰው ብዬ ነው።»

መምህሩ ነጻ ወጥቷል፤ በሩም ክፍት ነው፤ ግን አልተነሳም።

«ነበረ» አለ። «ሰሌዳው ነበረ እትዬ። ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ልጅሽ ሟቹን ‹ታዲያ ለምን እንሻገራለን?› አለው። እሱም ‹ተሻገር› አለው። ልጅሽ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ለእንጀራዬ ፈርቼ ዋጥኩት።»

እትዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ይህን ነበር፣ ሲመጣም አላስለቀሳትም። እጆቿን ለካቴናው ዘርግታ መርማሪዋን ጠራቻት።

«ፎቶው ፍርድ ቤት ይቀርባል አይደል?»

«ይቀርባል።»

«እንግዲያው መግለጫውን እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። ‹ከማስጠንቀቂያው ፊት ለፊት፤ መምህራቸው ተሻገሩ ያላቸው ልጆች። ከግራ ሦስተኛው የእኔ ልጅ።› ይሄ ሰውዬ ደግሞ ዳኛው ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብበው።»

መርማሪዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ወረቀት አውጥታ ቃል በቃል ጻፈችውና ከፎቶው ሥር በሁለት ስፒል ሰካችው።