የአምስት ዓመት ቱሪስት

«ቆይ፣ በኋላ እናደርገዋለን» የምንለው ነገር በየቤታችን አለ። የሚያፈስ ቧንቧ ወይም እግሩ የተሰበረ ወንበር ከሆነ ቢዘገይም ማንንም አይገድልም። አንዳንዱ ግን ሲዘገይ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ነገሩ በደረሰበት መንደር ብዙ ዘመን ስለኖርኩና በዓይኔ ስላየሁ ነው። የሌላ ሰው ቤት ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ኖን ሳይ በታይላንድ በኩል ለሜኮንግ ወንዝ የቀረበች የሩዝና የሸንኮራ አገዳ መንደር ናት። ሉቦሽ የሚባል የቼክ አገር ሰው ላምዱዋንን አግብቶ እዚያ በእናቷ ቤት ይኖራል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በዓመት ሦስት ወር አገሩ ሄዶ ጣሪያ ይሠራል፤ የቀረውን ጊዜ ከሚስቱ ጋር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሲጋቡ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሁለቱም የእጅ አንጓ ላይ ነጭ ክር አስረውላቸዋል። ዶሮ ተቀቅሏል፣ የሩዝ አረቄ ተጠጥቷል፣ ተጨፍሯል። በመንደሩ ዓይን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት ናቸው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄደው ግን አልተመዘገቡም።

እንዳይመዘገቡ የከለከሏቸው የላምዱዋን እናት እማማ ቶንግማ ናቸው። «ፈረንጅ ያገባች ሴት ከፈረመች መሬቷን መንግሥት ይወስድባታል» የሚል ወሬ በወጣትነታቸው ሰምተዋል። በእርግጥ በድሮ ጊዜ ፈረንጅ ያገባች ሴት መሬት እንዳትገዛ የሚከለክል ደንብ ነበር፤ ከተለወጠ ብዙ ዓመቱ ነው። መለወጡን ለእማማ ቶንግማ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ያለቻቸው የሩዝ ማሳ አንዲት ናት። ካርታዋን በብስኩት ቆርቆሮ ከትተው ከትራሳቸው ሥር ያኖሯታል።

«ዘንድሮስ እንመዝገብ፣ እማዬ» ትላለች ላምዱዋን በየዓመቱ።

«ብርዱ ይለፍ» ይላሉ እናቷ። ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ «ሩዙ ይታጨድ» ይላሉ።

ሉቦሽም ነገሩን ከመግፋት ይልቅ ዝም ማለቱ ይቀለው ነበር። «ተይ በቃ፤ ከእማማ ጋር ከምጨቃጨቅ ብሰለፍ ይሻለኛል» ይላል ለሚስቱ። እናም በየሦስት ወሩ ሚኒባስ ተሳፍሮ በሜኮንግ ድልድይ ወደ ላኦስ ይሻገራል፤ ቪየንቲያን ካለው የታይላንድ ቆንስላ የቱሪስት ቪዛ ይወስድና በማግስቱ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ፓስፖርቱ በቪዛ ሞላ። ሰውየውም ደከመው። ይሁን እንጂ ድካሙን እንደ ግብር ቆጥሮ ይከፍለው ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የእማማ ቶንግማ ኩላሊት ሥራ አቁሟል። ሰኞና ሐሙስ ከተማው ሆስፒታል ሄደው ደማቸው በማሽን ይታጠባል። መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ላምዱዋን በልጅነቷ ከደረሰባት አደጋ ወዲህ መሪ አትጨብጥም። የሚነዳው ሉቦሽ ነው፤ አገዳ በማይቆረጥበት ወቅት አገሩ ሲሄድ ጎረቤት ይተካዋል። አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ጠብቆ፣ ትኩስ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ የሚመልሳቸውም እሱ ነው።

ነገሩ በደረሰበት ሳምንት ሉቦሽ እንደ ወትሮው ቪየንቲያን ተሻግሮ ማክሰኞ ቀን ለቆንስላው ማመልከቻውን አስገባ። ረቡዕ ከሰዓት ፓስፖርቱን ሊወስድ ሲመለስ መነጽር ያደረገ ወጣት ጸሐፊ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋለት። ውስጡ ቪዛ የለም፤ ቀይ ማኅተም አለ።

«አሥራ አራት የቱሪስት ቪዛ ወስደዋል። አሥራ አምስተኛ አንሰጥም» አለው ጸሐፊው።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለ ሉቦሽ።

«አዎ፣ ሐሙስ ነው» አለ ጸሐፊው ግራ ገብቶት፣ ቀጣዩንም ሰው ጠራ።

በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሬክስ የሚባል አውስትራሊያዊ ሽማግሌ አገኘ። ሬክስ ከድንበር ድንበር ሲመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ያስቆጠረ ሰው ነው፤ በዚህም ይኮራል።

«አይዞህ ወንድሜ!» አለው ቀዩን ማኅተም አይቶ እየሳቀ። «ይኼ ማለት እኮ ሌላ በር አንኳኳ ማለት ነው። ያለ ቪዛ በድልድዩ ግባ፤ አንድ ወር ይሰጡሃል። ሆቴል እዚሁ በስልኬ እይዝልሃለሁ፤ ባሕር ዳርቻ። ሁለት ሳምንት ዋኝቼ እሄዳለሁ በላቸው።»

«ሚስቴስ?»

«ምን ሚስት? ሚስት ያለው ቱሪስት የት አይተሃል? ስሟን እንዳትተነፍስ!»

ሉቦሽ ውሸት አይወድም። በሌላ ቀን ቢሆን ይተወው ነበር። ማግስቱ ሐሙስ ባይሆን ኖሮ! የሆቴሉን ወረቀት ኪሱ ከትቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድልድዩ ጋ ደረሰ።

መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት፤ የቀኑ ድካም ፊቷ ላይ ይነበባል። ሉቦሽ እንደለመደው በኖን ሳይ ገበሬዎች ዘዬ፣ «በርቺ እህቴ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብሻል» አላት። አማቱን በየሳምንቱ ሆስፒታል ሲያደርስ ነርሶቹን የሚለው ይህንኑ ነው።

ሴትዮዋ ቀና አለች። የሆቴሉን ወረቀት አየች፣ ፓስፖርቱን ገለጠች፣ ደግማ አየችው።

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ባሕር ዳርቻ። ልዋኝ።»

«ባሕር ዳርቻ እንዲህ የሚናገር ሰው የለም። ይኼን የሩዝ ማሳ ውስጥ ነው የተማሩት» አለችው። ፈገግ ማለቷም አልቀረም። «አምስት ዓመት ሙሉ ቱሪስት ነዎት። እስቲ ይንገሩኝ፣ ምኑን ነው የሚጎበኙት?»

ሉቦሽ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻለም። ሚስቱን፣ አማቱን፣ ሐሙስን፣ ሁሉንም ነገራት። ስልኩን አውጥቶ የሠርጉን ፎቶ አሳያት፤ ክንዱ እስከ ክርኑ በክር ተጠቅልሏል።

ሴትዮዋ ፎቶውን ጥቂት አየችው። «ለእኔም እናቴ ክሩን አስራልኛለች» አለች። «ግን ጌታዬ፣ በመዝገብ ሚስት የለዎትም። በመዝገብ ያለዎት አሥራ አራት ቪዛ፣ አንድ ቀይ ማኅተምና ይኼ የውሸት ሆቴል ነው። አላስገባዎትም። ስለ ሆቴሉ ግን አልከስዎትም፤ ወረቀቱን መልሰው ይውሰዱት። ሁለተኛ እዚህ መስኮት ላይ እንዳላየው። ቤተሰብዎ ቆንስላው ድረስ ይምጡና እውነቱን ራሳቸው ይናገሩ። እርስዎ አምስት ዓመት ቱሪስት ነኝ ሲሉ ቆይተው አሁን አይደለሁም ቢሉ ማን ያምንዎታል?»

የላኦስ ኬላ መልሶ ተቀበለው።

ሐሙስ ጠዋት ላምዱዋን ደወለች። ወቅቱ የሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ስለነበር የመንደሩ መኪና ሁሉ ማሳ ወርዷል። የእነሱ ፒክአፕ በምሰሶ ከቆመው ቤታቸው ሥር ቆሟል፤ ቁልፉም ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚነዳው ብቻ የለም።

«እማዬ አንድ ቀን ቢያልፈኝ አልሞትም አለች» አለችው።

«ላምዱዋን፣ ፈልጊ። እግራቸው ሥር ወድቀሽም ቢሆን አንድ ሰው ለምኚ።»

«ለምኛለሁ፣ ሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለምን ነው የቆየሁት።»

አርብ የእማማ ቶንግማ እግር አበጠ። ቅዳሜ ቀትር ላይ መተንፈስ አቃታቸው፤ የቀበሌው የነፍስ አድን መኪና መጥቶ በኦክስጅን ወሰዳቸው። ያን ቀን ሉቦሽ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ማዶውን ሲያይ ዋለ። ዛፉን፣ ቤቱን፣ የቤተ መቅደሱን ጣሪያ ለይቶ ያያል። ጣሪያ ሠሪ ነውና የትኛው ክፈፍ እንደላላ ሳይቀር ይታየዋል። መሻገር ግን አይችልም። ክረምትና በጋ ዝም ማለቱን አስቦ በራሱ ተናደደ። ጭቅጭቁን ፈርቶ ነበር፤ አሁን አማቱን ሊያጣ ነው።

እሑድ ላምዱዋን ከሆስፒታል ደወለችለት። እማማ ቶንግማ ድነዋል። እሷ እያወራችው እያለ እናቷ ነቁና ስልኩን ሳትዘጋ አልጋው ላይ ጣለችው። ሉቦሽ የሚባባሉትን ሁሉ ሰማ።

«ልጁ የት ነው?» አሉ እማማ ቶንግማ በደከመ ድምፅ።

«ወንዙ ማዶ።»

«እስካሁን ምን ያደርጋል እዚያ?»

«በር እየጠበቀ ነው።»

«የማን በር?»

«ያንቺን ነዋ፣ እማዬ። የዘጋሽበት አንቺ ነሽ።»

ላምዱዋን ለእናቷ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። እማማ ቶንግማም፣ «ቆርቆሮዬን አምጪልኝ» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቆንስላው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሁለቱ ሴቶች ከሚኒባስ ወረዱ። እማማ ቶንግማ ከስተዋል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ሐኪሙ ተኙ ቢላቸው እምቢ ብለው ነው የመጡት። ብስኩት ቆርቆሮዋን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ይዘዋታል። ሉቦሽን አዩት፣ እጁን ያዙትና ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው ቱሪስት አይደለም» አሉት ጸሐፊውን።

«ታዲያ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«የልጄ ባል ነው። ወደ ማሽኑ የሚወስደኝ እሱ ነው። እናንተ ቱሪስት ብላችሁ ብትከለክሉት አልፈርድባችሁም፤ ቱሪስት አድርጌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።» የሆስፒታል ካርዳቸውንና የቤተሰቡን መዝገብ አኖሩ። ከዚያ ቆርቆሮዋን ከፍተው የመሬቱን ካርታ አወጡ። «ይኸው። ልጄ ከፈረመች ከዚህ ላይ ምን ያህሉን ነው የምትወስዱት? ለነፍሴ የምትሆን ጥቂት ተዉልኝ እንጂ ውሰዱት።»

ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ ካርታውን አነበበ። «ማን ነው የሚወስደው?»

«መንግሥት።»

«እናቴ፣ ይኼ እኮ በእርስዎ ስም ነው። ልጅዎ ማንንም ብታገባ አንድ ክንድ አይነካም። እርስዎ የሚሉት ደንብ የተለወጠ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው።»

«ማንን ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር?»

«ወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለውን ማንኛውንም ሠራተኛ።»

እማማ ቶንግማ ካርታውን አጣጥፈው ወደ ቆርቆሮው መለሱ። ክዳኑ አልገጥም አላቸው፤ ላምዱዋን ገጠመችላቸው። አሮጊቷ ያን ጊዜ አለቀሱ።

ጸሐፊው ወደ ውስጥ ገብቶ ከአለቃው ጋር ብዙ ቆየ። ሲመለስ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንሰጠዋለን። የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ የጋብቻ ወረቀት ይዞ ይምጣ» አለ። በማግስቱ ድልድዩ ላይ ያችው ሴት መስኮቱ ውስጥ ነበረች። «ዛሬስ የት ነው የሚያርፉት?» ስትለው «ቤቴ» አላት። ማኅተሙን መታችለት።

ከኤምባሲ የሚመጣው ወረቀትና ትርጉሙ ጥቂት ሳምንት ወሰደ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገቡ። ሠራተኛዋ ጻፈች፣ ባልና ሚስቱ ፈረሙ፣ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ፣ ማተሚያው ወረቀቱን ተፋ።

«አለቀ?» አሉ እማማ ቶንግማ።

«አለቀ፣ እናቴ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አንጋጠው አዩ። «ሃያ ደቂቃ» አሉ። «ለሃያ ደቂቃ ነው ይኼን ልጅ አምስት ዓመት ድልድይ ለድልድይ ያንከራተትኩት?»

ያ ያመለጠ ሐሙስ ግን አልተመለሰም። ልባቸውን ጎድቶታል፤ ሐኪሙም እጥበቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሁን ብሏል፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ። ስለዚህ ከወረዳው ወጥተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ወገኖቼ፣ እማማ ቶንግማ ክፉ ሴት አይደሉም። ሉቦሽም ሰነፍ አልነበረም። አንዷ የሰማችውን ወሬ ሳታጣራ ፈራች፣ ሌላው ጭቅጭቅ ሸሽቶ ዝም አለ፤ ቤታቸው ሊፈርስ የቀረው ጥቂት ነበር። የምትፈሩትን ነገር ሄዳችሁ ጠይቁ። የሚገባችሁን ወረቀት በጊዜው ያዙ። ለድንበር ጠባቂ የምትነግሩት ውሸት ከማንም በፊት ቤታችሁ የተኛውን በሽተኛ ነው የሚጎዳው።

በሳልስቱ፣ አርብ፣ ፒክአፑ ከመንደሩ ሲወጣ እማማ ቶንግማ የሉቦሽን ትከሻ ነክተው አስቆሙት። በጎረቤታቸው በቡዋፓ ደጅ ነበሩ። የቡዋፓም ልጅ ፈረንጅ አግብታ ሳትመዘገብ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ቡዋፓ! ልጅሽንና ባሏን ይዘሽ ነይ!» ብለው ተጣሩ በመስኮቱ።

«ወዴት?» አለች ቡዋፓ መጥረጊያዋን ይዛ ብቅ ብላ። «ሩዙ ይታጨድና...»

«ሩዙ የትም አይሄድም» አሉ እማማ ቶንግማ። በሩን ከፈቱ፣ ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁላት። «ወረዳው በመንገዳችን ነው። ነይ፣ ግቢ።»