ያልደረቀው የቡና እንጨት

መብራት ሄዷል። አማኑ እንጨት እያሽከረከረ ከሚጠርብበት የቶርኖ ማሽን ጎን ዱካ ላይ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሲስተር ሔርሜላ ደግሞ ገና ርብራብ ያልተመታለት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሮቿን ሰጋቱራ ውስጥ ቀብራለች። አይነጋገሩም። አብሮ ዝም ማለት ለሚችልበት ሰው ትልቅ ጨዋታ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከብዙ ወር ወዲህ ተክነውበታል። የዛሬው ዝምታ ግን እንደ ሌላው ቀን አይደለም።

እሷ ከሆስፒታል መምጣቷ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ቆማ የዋለች ነርስ ማታ ላይ እግሯ የራሷ አይመስላትም። እሱም ከጠዋት ጀምሮ መብራት ሲጠብቅ ነው የዋለው። መጠበቅ አያደክምም የሚል ሰው ዲላ መጥቶ እንጨት ቤት ይክፈትና ይየው።

ያስተዋወቃቸው አንድ መጫወቻ ነው። አብይ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እግሩ ተሰብሮ እሷ ክፍል ተኝቶ ሳለ፣ ኬንዳማ የሚሉት የጃፓኖች መጫወቻ ነበረው። ከእንጨት የተሠራ እጀታ ነው፤ በግራና በቀኙ፣ ከታቹም ጎድጎድ ያሉ ጽዋዎች አሉት፤ ጫፉ ሹል ነው። ቀዳዳ ያላት የእንጨት ኳስ በክር ታስራበታለች። ጨዋታው ኳሷን ወደ ላይ አንስቶ ጽዋው ላይ ማሳረፍ፣ ሲሳካም ሹሉን ቀዳዳዋ ውስጥ መሰካት ነው። ልጁ ሲድን መጫወቻውን ለሔርሜላ ትቶላት ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሻይ ሰዓት እሱን ይዛ መስኮት ስር ትቆማለች። በቀኑ ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቃት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ችግሩ ባለ ቀለም መሆኑ ነበር። ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ኳሷም ጽዋው ላይ አትረጋም። አብይ ሲሰናበታት፣ ቀለም ያልነካውን ጥሬ እንጨት አንዴ ከያዘች ወደዚህኛው እንደማትመለስ ነግሯት ነበር። ስለዚህ አንድ የየካቲት ቀን፣ ከሥራ ስትመለስ፣ የአልጋ እግር ሲያቃና ሁልጊዜ የምታየው አናጢ ቤት ጎራ አለች።

አማኑ እንዲህ ያለ ነገር ጠርቦ እንደማያውቅ አልደበቃትም። ለሙከራ ሠርቶ ሲያሳያት የኳሷን ቀዳዳ አስፍቶት ኖሮ፣ ኳሷ እጀታው ላይ እስከ አንገቱ ገብታ ቁጭ አለች። «ባርኔጣ አደረግሽለት» ብሎ በእሷ ሊያሳብብ ሞከረና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ግን ነገሩ እልህ አስያዘው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንጨት እንድትመርጥ ጠራት።

ዋንዛው ቀላል ነበር። ቀላ ያለ፣ መልከ መልካም፣ ለመዳፍም የሚሞቅ። ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ሹሉ ቀዳዳዋን በሳተ ቁጥር ኳሷ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ወይራው ጠንካራ ነው፤ ኳሷ ስታርፍበት የሚያወጣው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ መስመሩም ሲያዩት አይጠገብም። ሔርሜላ አንስታ መዘነችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳ ነው የምውለው። ይኼን ደግሞ ማን ያነሳልኛል?» አለችው።

ጥግ ላይ ፈዘዝ ያለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ግንድ ቆሞ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ቡና ነው አላት። አባቱ አቶ ወንድይፍራው፣ ወናጎ ገጠር ያለውን ያረጀ ቡናቸውን እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ጎንድለውት፣ ግንዱ ለማገዶ ሲሄድ ወፍራሙን እሱ አስቀርቶ ነው። ቡና እዚህ አገር ይለቀማል እንጂ ማን ይጠርበዋል። ሔርሜላ ግን ጉራጁን አንስታ ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች። እንደ ዋንዛው አይቀልም፣ እንደ ወይራው አይከብድም።

«ይኼ እጄን አይጎትተውም» አለች። «አይሸሸኝምም።»

አማኑ እንጨቱ ገና እርጥብ መሆኑን አስረዳት። መጀመሪያ በሻካራው ይጠረባል፤ ጫፎቹ ሰም ይቀባሉ፤ ከዚያ በደረቅ ኮባ ተጠቅልሎ ጣሪያው ስር ወራጁ ላይ ይቀመጣል። ካጣደፉት ይሰነጠቃል። ትጠብቅ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ መጠበቅ ሥራዋ እንደሆነ ነገረችው።

ጠበቀችም። ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች «ደረቀ?» ትላለች፤ እሱም «ገና ነው፣ ሲስተር» ይላታል። ከዚያ ሻይ ይመጣል፣ ወይ መብራት ይሄዳል፤ ተቀምጠው ይመሻል። የበልጉ ዝናብ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፣ መስቀልም አለፈ፤ እንጨቱ አልደረቀም።

በጥቅምት፣ እሱ ሻይ ሊያመጣ ሲወጣ፣ ዱካው ላይ ቆማ ጥቅሉን አወረደችው። የበሽተኛ ደረት በጣቷ አንኳኩታ ውሃ የያዘውንና ያልያዘውን መለየት የምታውቅ ሴት ናት። ኮባውን ገልጣ እንጨቱን አንኳኳችው። ደርቋል፤ ያውም ከቆየ። ቶሎ ብላ ጠቅልላ ቦታው መለሰችው፤ ሻዩ ሲመጣም እንደ ወትሮው ጠየቀች። አማኑ ዓይኗን ሳያይ «ገና ነው» አላት። እንደምትወደው ያወቀችው ያን ቀን ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች፤ ለመናገር ግን ጉልበት አልነበራትም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ዝውውሯ መጣ። ሐዋሳ ነው። እህቷ አልጣሽ ያለችበት፤ ሥራው ሲበዛባት ከሁለት ዓመት በፊት አመልክታ የረሳችው። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ዝውውር ደርሶት እምቢ ያለ ሰው የለምና። ለአማኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ነገ እነግረዋለሁ ስትል፣ የሥራ ባልደረባዋ ገነት መደርደሪያ ልታሠራ መጥታ ነገረችው።

ለዚህ ነው የዛሬው ዝምታ የከበደው። የቡናው እንጨት ከኮባው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ሐዋሳ ደረሰሽ አሉ» አላት በመጨረሻ።

«ማን ነገረህ?»

«ሲስተር ገነት። የማውቅ መስሏት።» እንጨቱን በአገጩ አመለከታት። «ደርቋል። መብራት ሲመጣ እጨርሰውና ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

ገፍቶ በር ላይ ያቆማት መሰላት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፍለጋ ሰጋቱራውን ዳበሰች። አንደኛውን እንዳገኘች አምፖሉ ቦግ አለ፤ ከጎረቤትም የሬዲዮ ድምፅ ተሰማ። አማኑ ተነሳ። እንጨቱን አንስቶ ወደ ቶርኖው ሄደ፤ ማሽኑ ላይ ግን አላሰረውም፤ ይዞት ቆመ።

ሔርሜላ በባዶ እግሯ ሄዳ ከእጁ ወሰደችው። ጆሮዋ ሥር አድርጋ አንኳኳችው።

«አልደረቀም» አለች።

«ደርቋል። ከመስቀል ጀምሮ ደርቋል፤ ስዋሽሽ ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ። በጥቅምት አውርጄ አንኳኩቼዋለሁ። አሁንም አልደረቀም እልሃለሁ።»

«ደርቋል ካልኩሽ የምትመጪበት ምክንያት ያልቃል ብዬ ፈርቼ ነው። ሐዋሳ የሚሻልሽ ከሆነ ግን በእኔ የተነሳ አትቅሪ። እዚህ ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል። ሐዋሳም ያው በሽተኛ፣ ያው ቆሞ መዋል ነው። ቦታ ብቀይር የማርፍ መስሎኝ ነበር። ያረፍኩት ግን እዚህ ነው፣ ርብራብ እንኳን የሌለው አልጋ ላይ። እወድሃለሁ፣ አማኑ። ይኼን የምናገርበት ጉልበት እስካገኝ ብጠብቅ ጡረታዬ ይደርሳል።»

«ሔርሜላ» አላት። ሲስተር ሳይል ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፤ ራሱም የደነገጠ መሰለ። «እኔም እወድሻለሁ። ለአባትሽ ሽማግሌ ብልክስ?»

«ሰኞ ቢሮ ሄጄ ዝውውሩን ትቼዋለሁ እላቸዋለሁ። አንተ ሽማግሌዎቹን ላክ። አባቴ ያለው ቡሌ ነው፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ዝናብ ሳይመጣ ይሂዱ።»

እንጨቱን ራሷ በኮባው ጠቀለለችና ሰጠችው። እሱም ወራጁ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ አልጋው ላይ ጣውላ ደረደረላት፤ ጋቢውንም አነጠፈበት። «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

መብራቱ አለ። የአልጋው ባለቤት ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ያዘዘው የሁለተኛው አልጋ እግሮችም ገና አልተቃኑም። አማኑ ጣቱን የቶርኖው ማብሪያ ላይ አሳረፈ። ማሽኑ ሲነሳ ሰፈሩን ሁሉ ነው የሚቀሰቅሰው። ዞሮ አያት፤ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። እጁን አነሳና ዱካው ላይ ተቀመጠ።

ስትነቃ መብራት እንደገና ሄዶ ጨልሟል።

«መብራት እያለ ምን ሠራህ?» አለችው።

«ምንም አልሠራሁም» አላት።