ቧንቧው ላይ ሦስት ጊዜ

መርከቧ ከባህሩ ወለል በታች ያለውን ስንጥቅ ልታጠና በወጣች በዘጠነኛው ቀን፣ የጥናቱ አለቃ ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሳ። ይህ ሰው ቁርስ ትቶ የተነሳው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ልጁ የተወለደች ዕለት ነበር።

ልጁ ዛሬ እዚያው መርከብ ላይ አብራው ትሠራለች። ከመርከቧ ኋላ የአየር መድፍ ውሃው ውስጥ ይተኩሳል፤ ረጅም የማዳመጫ ገመድ ከወለሉ የሚመለሰውን ድምፅ ይለቅማል፤ እሷ ደግሞ ስክሪን ላይ ታነበዋለች። መርከበኞቹ «ጆሮ» ይሏታል።

«ነይ እዪ!» አላት አባቷ። «በየቀኑ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ንዝረት! የባህሩ ሙላት ሲመለስ ስንጥቁን እየቀሰቀሰው ነው። ዛሬውኑ ለወደቡ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ እልካለሁ።»

ጆሮ ሦስቱን ጭረት አየች። እስከ አንገቷ ጋለች።

ከሞተር ክፍል የሚወጣ ቧንቧ በትራስጌዋ በኩል ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ጥሏት ተራዋ አለፈና፣ መካኒኩ «አትስጊ፣ እኔ እቀሰቅስሻለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ ቧንቧውን በመፍቻ ሦስቴ ይመታል። ትናንት ደግሞ ደረጃው ላይ አስቆማት፤ ንጹሕ እጁን በጨርቅ እየደጋገመ ጠረገ።

«ከፈለግሽኝ አንዴ ምቺና መልሺልኝ» አላት። «ካልሆነ ከነገ ወዲያ ወደቡ ላይ እወርዳለሁ። ሌላ መርከብ ጠይቀውኛል።»

አልመለሰችም። አባቷ «ባህረኛ ለትዳር አይሆንም» ሲል ሰምታ ነው ያደገችው። ራሱ የዓመቱን ግማሽ ባህር ላይ መሆኑን ያስታወሰው ሰው የለም።

ወጣች፤ ገባች። የመርከቧን የላይ ወለል ሁለቴ ዞረች። ውሃ ቀድታ ሳትጠጣው ደፋችው። ብትናገር ጉዷ ይወጣል፤ ዝም ብትል አንድ ከተማ ሙሉ ፍራሹን ተሸክሞ ኮረብታ ሊወጣ ነው።

«አባዬ» አለች ተመልሳ። «የባህር ሙላት በየቀኑ ሰዓቱን ይለውጣል። ይሄ ግን ደቂቃ አይስትም።»

«እና?»

«ስንጥቅ ሰዓት አያስርም።»

ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ።

«ማነው?»

«መካኒኩ ነው። እኔን ሊቀሰቅስ።»

አባቷ ሦስቱን ጭረት በጣቱ ተከተለ። «ለመሆኑ አንቺም መትተሽ መልሰሽለታል?»

«አንዴም።»

የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ቀደደና የሞተር ክፍሉን ስልክ አነሳ። «አንተ! ነገ ያንን ቧንቧ እንዳትነካ!»

«እሺ ጋሼ» አለ የመካኒኩ ድምፅ።

በማግስቱ ጭረት የለም። መዝገቡ ንጹሕ ነው። ጆሮ ከሰዓቷ ቀድማ ነቅታ ዝም ያለውን ቧንቧ ስታዳምጥ ነበር። በኋላ መካኒኩ ደረጃው ላይ ቀና ሳይል አለፋት፤ የአባቷን ቁጣ የእሷ መልስ አድርጎ ወስዶታል። ሻንጣው በር ላይ ቆሟል።

የመጨረሻው የጥናት መስመር አለቀ፤ ገመዱ ተጠቀለለ፤ መርከቧ ወደ ወደቡ ዞረች። ጆሮ ክፍሏ ገብታ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ ደግሞ ተቀመጠች። አባቷ በሩ ላይ መጣ።

«ገመዱ ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ከእንግዲህ የምናበላሸው መዝገብ የለም ማለት ነዋ።»

«የለም።»

ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ አልጋዋ ላይ አስቀመጠ። «እኔ የትናንቱን ቁርሴን ልጨርስ» ብሎ ሄደ።

ባለ በሌለ ኃይሏ ቧንቧውን አንዴ መታች።

ዝም። ሞተሩ ብቻ። መፍቻውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

ከዚያ ከታች ሦስት። ወዲያው ሦስት። ቀጥሎማ መቁጠር አልተቻለም፤ ካፒቴኑ እየሮጠ መመገቢያ ክፍል ደረሰ።

«ሞተሩ ምን ሆነ?»

«ሞተሩ ደህና ነው» አለ አለቃው፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ። «ስንጥቁ ነቅቶ ነው።»